ፒራሚድ እንዴት ተሠራ? ከመላ ምቶቹ የቱን እንያዝ

ባለፈው ወር ዘጠነኛ ክፍል ስለ ጥንታዊት ግብፅ እያስተማርኩ ሳለ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አንዱ ቪዲዮ ድንጋዩን በመወጣጫ ጎትተው ነው የሰቀሉት ይላል። ሌላው እንደ አርማታ አቡክተው ነው ያፈሰሱት ይላል። ደግሞ ሌላው በውኃ ኃይል ነው ይላል። ሁሉም ሳይንቲስት ይጠቅሳሉ። ፈተና ላይ ቢመጣ የቱን እንያዝ?» ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ቪዲዮ የሚሠራው ሁሉ የራሱን መላ ምት ብቻ አስውቦ ያቀርባል፤ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚመዝን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ልጅ የተሰጠ መልስ ነው፤ ለመምህራን፣ ልጆቻቸው ለሚጠይቋቸው ወላጆች፣ ካይሮ ላይ አውሮፕላን ሲቀይሩ ጊዛን ለማየት ለሚያስቡም ይሆናል።

ጥያቄው አንድ አይደለም

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው «እንዴት ተሠራ» ስንል ቢያንስ አምስት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ጆንያ ስለምንከት ነው፦ ድንጋዩን ከካባ መፈንቀል፣ እስከ ግንባታው ቦታ ማጓጓዝ፣ ወደ ላይ መስቀል፣ በልኩ መግጠም፣ ይህን ሁሉ የሚሠራውን ሰው ማደራጀትና መቀለብ። አንዱ መላ ምት ስለ መስቀል ብቻ ይናገራል፣ ሌላው ስለ መፈንቀል። ቪዲዮው ግን «ምሥጢሩ ተፈታ» ብሎ ሁሉንም እንደመለሰ አድርጎ ይሸጠዋል።

ከአምስቱ አራቱ ላይ ዛሬ በእጃችን ያለው ማስረጃ ብዙ ነው። እውነተኛው ክርክር ያለው መስቀሉ ላይ ነው። ይህን ከያዛችሁ ግማሹ ጭቅጭቅ እዚሁ ይቀራል።

ለመለኪያ እንዲሆነን ትልቁን እንውሰድ፣ ጊዛ ያለውን የንጉሥ ኩፉን ፒራሚድ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2560 ገደማ የተሠራ ነው። ሲጠናቀቅ ቁመቱ 146 ሜትር ከፍ ይል ነበር፤ የእያንዳንዱ ጎን ርዝመት 230 ሜትር ነው። 2.3 ሚሊዮን ያህል ድንጋይ እንደፈጀ ይገመታል፤ የአንዱ አማካይ ክብደት 2.5 ቶን ነው። የንጉሡ ክፍል ጣሪያ የሆኑት የግራናይት ድንጋዮች ግን ከ25 እስከ 80 ቶን የሚደርሱ ናቸው፤ የመጡትም 800 ኪሎ ሜትር ከሚርቀው አስዋን ነው። የመሠረቱ ውኃ ልክ በ230 ሜትር ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚዛነፈው። ቤት ያሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

መለኪያዎቹ

መላ ምቶቹን ከማየታችን በፊት ሚዛኑን እንስቀል። እኔ የምጠይቀው አምስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ከዘመኑ ምድር ላይ የቀረ ነገር አለ ወይ? መሣሪያ፣ የመወጣጫ ፍርስራሽ፣ ጽሑፍ፣ ሥዕል። ሁለተኛ፣ ሒሳቡ ይሠራል ወይ? ሦስተኛ፣ ከአምስቱ ሥራዎች የትኛውን ነው የሚመልሰው? አራተኛ፣ ለሌሎቹ ፒራሚዶችም ይሆናል ወይስ ለኩፉ ብቻ የተሰፋ ነው? ግብፅ ውስጥ ከመቶ በላይ ፒራሚድ አለ፤ ለአንዱ ብቻ የሚሠራ መልስ ያጠራጥራል።

አምስተኛው ዋጋው ነው። እያንዳንዱ መላ ምት ከማስረጃው በላይ እንድታምኑለት የሚጠይቃችሁ ነገር አለ። «መወጣጫ ነበር፣ በኋላ ፈረሰ» የሚለው የሚጠይቀው ጥቂት ነው። «የጠፋ ሥልጣኔ ነበር፣ ከተማውም መሣሪያውም ቆሻሻውም ሳይቀር ተሰወረ» የሚለው ብዙ ያስከፍላል። ከዚህ በታች «ዋጋ» ስል ይህንን ነው።

ክርክር የሌለበት ክፍል

መፈንቀሉን ቶሎ እንለፈው። አብዛኛው የውስጥ ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው፤ የወጣበት ካባ ከፒራሚዱ በስተደቡብ በጥቂት መቶ ሜትር ርቀት አሁንም ይታያል። የኖራ ድንጋይ በመዳብ መሮ ይጠረባል። ግራናይት ግን መዳብ አይደፍረውም፤ እሱን ዶለራይት በሚባል ጠንካራ ድንጋይ እየደበደቡ፣ በአሸዋና በመዳብ መጋዝ እየፈገፈጉ ነበር የሚያወጡት። ከኩፉ ብዙ ዘመን በኋላ የተጀመረውና አስዋን ላይ ሳያልቅ የቀረው ሐውልት የድብደባውን ጠባሳ እንደያዘ ተኝቷል።

ማጓጓዙ ላይ ግን ልቆይ፤ ከሁሉም የሚያስደስተኝ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ፈረንሳዊው ፒየር ታሌ የሚመራው ቡድን ቀይ ባሕር ዳር ዋዲ አል-ጃርፍ በተባለ ጥንታዊ ወደብ የፓፒረስ ቁርጥራጮች አገኘ። ከነሱ ውስጥ ሜረር የተባለ ሰው የሥራ መዝገብ ይገኛል። ሜረር 40 ያህል ሰው የሚያዝ ነበር፤ ዛሬ ቢሆን «ካቦ» እንለው ነበር። መዝገቡ የተጻፈው ኩፉ በነገሠባቸው የመጨረሻ ዓመታት ነው። የሚለው ነገር ድርቅ ያለ ነው፦ በዚህ ቀን ቱራ ድንጋይ ጫንን፣ በዚህ ቀን እየቀዘፍን አደርን፣ በዚህ ቀን «አኬት ኩፉ» ደረስን። አኬት ኩፉ የፒራሚዱ ስም ነው፤ ቱራ ከናይል ማዶ ያለው ነጩ የልባስ ድንጋይ የሚወጣበት ካባ ነው። በ10 ቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይመላለሱ ነበር። የበላይ አለቃው የንጉሡ ግማሽ ወንድም አንክሃፍ እንደነበርም ተጽፏል። ከ4,500 ዓመት በኋላ የካቦ መዝገብ በእጃችን መግባቱ፣ ያውም ስለዚሁ ፒራሚድ፣ ከማንኛውም መላ ምት የበለጠ ያስደንቃል።

ጀልባዎቹ እስከ ግንባታው ሥር የሚደርሱት በጎርፉ ወቅት ወንዙ ሞልቶ ቦይና ሰው ሠራሽ ሐይቁን ሲሞላው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 እና በ2024 የታተሙ ጥናቶች የጠፋ የናይል ቅርንጫፍ በፒራሚዶቹ ግርጌ ያልፍ እንደነበር ከደለሉ ውስጥ አውጥተው አሳይተዋል። ያ ጎርፍ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ እኛ አይጠፋንም፤ የክረምቱን ውኃ በአብዛኛው የሚልከው ዓባይ ነው። ጎጃምና ወሎ ላይ የዘነበው ዝናብ የቱራን ድንጋይ ተሸክሟል ማለት ነው። ፒራሚዱን እኛ ሠራነው እያልኩ አይደለም፤ ዝናቡ ግን የኛው ነው።

ከጀልባው ሲወርድ ድንጋዩ በእንጨት መንሸራተቻ ላይ ይጎተታል። ይህን የሚያሳየው ሥዕል የተገኘው ጀሁቲሆቴፕ በተባለ ሹም መቃብር ውስጥ ነው፤ ከኩፉ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ያንሳል። 172 ሰዎች በአራት ረድፍ ተሰልፈው አንድ ግዙፍ ሐውልት ይጎትታሉ፤ ሐውልቱ እግር ላይ የቆመ አንድ ሰው ፊት ለፊቱ አሸዋው ላይ ውኃ ያፈስሳል። ለረጅም ጊዜ ውኃ ማፍሰሱ እንደ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ይቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሙከራ እንዳሳዩት በልኩ የረጠበ አሸዋ ለመጎተት የሚያስፈልገውን ኃይል በግማሽ ይቀንሳል። ደረቅ አሸዋ ከመንሸራተቻው ፊት ይከመርና ያግዳል፤ በጣም የራሰ ደግሞ ጭቃ ይሆናል።

ይህን ክፍል ውስጥ መሥራት ይቻላል። ከግንባታ ቦታ አንድ ባልዲ አሸዋ፣ አንድ ትሪ፣ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ የእጅ ሚዛን በቂ ነው። ትሪው ላይ ጡብ ጫኑ፣ ሚዛኑን በገመድ እሰሩና ጎትቱ። ከዚያ አሸዋውን በትንሹ አርጥቡትና ድገሙት። የሚዛኑ መርፌ ከአንድ ሰዓት ገለጻ በላይ ያስረዳል።

ባሪያ ወይስ ደመወዝተኛ?

አገራችን ውስጥ በብዛት የሚነገረው «እስራኤላውያን በባርነት ሠሩት» የሚለው ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ አይልም። ኦሪት ዘጸአት የሚናገረው ስለ ጡብና ስለ ፊቶምና ራምሴ ከተሞች ነው፤ ፒራሚድ የሚል ቃል የለበትም፤ የኩፉ ዘመን ከዚያ ቢያንስ በአንድ ሺህ ዓመት ይቀድማል። የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ 100,000 ሰው በሦስት በሦስት ወር ፈረቃ 20 ዓመት ሠራ ይላል፤ እሱም የጻፈው ፒራሚዱ ከቆመ ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ ስለሆነ የሰማውን ነው የነገረን።

መሬቱ ሌላ ይናገራል። ከአሜሪካዊው የቁፋሮ ባለሙያ ከእነ ማርክ ሌነር ሥራ የወጣው የሠራተኞች ከተማ ዳቦ ቤቶች፣ መኝታዎች፣ የከብት፣ የበግና የፍየል አጥንት ክምር አለው። እ.ኤ.አ. በ1990 የአንድ ፈረስ እግር ጭቃ ግድግዳ ላይ ተሰናክሎ የሠራተኞቹ መቃብር ተገኘ፤ ግብፃዊው ባለሙያ ዛሂ ሐዋስ ቆፈረው። ተሰብረው በወግ የተጠገኑ እጆችና እግሮች አሉ። ለባሪያ ከንጉሥ አጠገብ መቃብር አይቆፈርም። ከንጉሡ ክፍል በላይ ባሉት ጠባብ ክፍተቶች ቡድኖቹ በቀይ ቀለም ስማቸውን ጽፈዋል፤ «የኩፉ ወዳጆች» ይላል አንዱ። ጊዛ ላይ ሦስተኛውን ፒራሚድ ባሠራው በንጉሥ መንካውሬ ዘመን ደግሞ «የመንካውሬ ሰካራሞች» የሚል ቡድን ነበር፤ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ሲያንቀላፉ ነው።

ይህ ግን ደመወዝተኛ ነበሩ ማለት አይደለም። ለመንግሥት የሚከፈል የጉልበት ግብር የሚመስል ግዴታ ነበር፤ ቀለቡ ጥሩ፣ ሥራው ከባድ።

ከመስቀሉ በፊት አንድ ሒሳብ

ቁመት ሲጠራ ሰው ይደነግጣል። የጤፍ ክምር አስቡ፤ አብዛኛው እህል ያለው ከታች ነው። የፒራሚድን ቁመት ሦስት ቦታ ብትከፍሉት የታችኛው ሲሶ ብቻ 70 በመቶ የሚሆነውን ድንጋይ ይይዛል። እስከ ግማሹ ከወጣችሁ 87.5 በመቶው አልቋል። የላይኛው ሩብ ከጠቅላላው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። የንጉሡ ክፍል ወለልም ያለው 43 ሜትር ላይ ነው፤ እነዚያ ግዙፍ የግራናይት ድንጋዮች 146 ሜትር አልወጡም።

ሁለተኛው የሚያስደነግጠው ፍጥነቱ ነው። 2.3 ሚሊዮን ድንጋይ በ20 ዓመት ማለት በቀን 315፣ በ10 ሰዓት የሥራ ቀን በየሁለት ደቂቃው አንድ ድንጋይ ነው። ቪዲዮዎቹ እዚህ ላይ ያቆማሉ። እንቀጥል፦ ካባው ቅርብ ስለሆነ 20 ሰው ያለው አንድ ቡድን በቀን 10 ድንጋይ ቢያደርስ 32 ቡድን ይበቃል። ይህ 640 ጎታች ነው። በእጥፍ ብንሳሳት እንኳ 1,300 ሰው አይሞላም። ሌላው ሠራተኛ ይፈነቅላል፣ ይገጥማል፣ ዳቦ ይጋግራል፣ ውኃ ያመላልሳል። ስለዚህ በቁጥሩ ብቻ «አይቻልም» የሚል መላ ምት ካጋጠማችሁ ሒሳቡን ጨርሶ እንዳልሠራው እወቁ።

አንደኛ፦ ቀጥ ያለ መወጣጫ

ከአንድ ጎን ረጅም ተዳፋት መሥራትና ድንጋዩን በሱ ላይ መጎተት። ማስረጃው ብዙ ነው። ሲንኪ በሚባለው ያላለቀ ትንሽ ፒራሚድ ላይ መወጣጫዎቹ እንደተደገፉ ቀርተዋል። በጣም ዘግይቶ ቢሠራም የካርናክ ቤተ መቅደስ ግንብ ላይ ሳይነሳ የቀረ የጭቃ ጡብ መወጣጫ አለ። በአንድ የግብፅ ፓፒረስ ደግሞ አንድ ጸሐፊ ባልደረባውን «730 ክንድ ርዝመት፣ 55 ክንድ ስፋት፣ 60 ክንድ ከፍታ ላለው መወጣጫ ስንት ጡብ ይበቃል?» እያለ ይፈታተነዋል። ተዳፋቱ 1 ለ 12 ይመጣል፤ የዘመናቸው የፈተና ጥያቄ ነበር ማለት ነው።

ድካሙ ከፍታው ነው። በ1 ለ 10 ተዳፋት ጫፍ ለመድረስ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል የሚጠጋ መወጣጫ ያስፈልጋል። ስፋቱን 20 ሜትር ብንል እንኳ ይዘቱ ከሁለት ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያልፋል፤ ፒራሚዱ ራሱ 2.6 ሚሊዮን ነው። አንድ ፒራሚድ ለመሥራት ሌላ ፒራሚድ ማለት ነው። እስከ ሲሶው ብቻ ግን ከሆነ 490 ሜትር ይበቃል፤ ይዘቱም ወደ አንድ ዘጠነኛ ይወርዳል። በኔ ግምት ለታችኛው ክፍል ከዚህ የተሻለ መልስ የለም።

ሁለተኛ፦ ጠመዝማዛ ወይም ዚግዛግ መወጣጫ

መወጣጫው በፒራሚዱ ጎኖች ላይ እየተደገፈ ይዞራል፣ ወይም በአንዱ ጎን ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ይወጣል። ይዘቱ ትንሽ ነው፤ ከካባው ጋርም በቀላሉ ይገናኛል። ማርክ ሌነር ወደዚህ ያዘነብላል። ችግሩ ሁለት ነው፦ ማዕዘን ላይ መንሸራተቻ ማዞር አስቸጋሪ ነው፤ መወጣጫው የፒራሚዱን ጠርዝ ከሸፈነ ደግሞ ቀያሹ አራቱ ማዕዘኖች አንድ ነጥብ ላይ እንዲገናኙ እንዴት ይከታተላል? ቱምቢ ጥለው የሚሠሩ ግንበኞች ይህን ችግር ያውቁታል።

እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ አንድ ግኝት ይህን መላ ምት አጠናክሮታል። ሃትኑብ በሚባል የአልባስጥሮስ ካባ ውስጥ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ቡድን ከኩፉ ዘመን የሆነ መወጣጫ አገኘ፤ በሁለት ጎኑ ደረጃ፣ በየርቀቱም የምሰሶ ጉድጓድ አለው። ተዳፋቱ 20 በመቶ ይደርሳል። ገመዱ በምሰሶው ላይ ከተጠመጠመ ጎታቾቹ ደረጃው ላይ ቆመው፣ ግማሾቹም ወደ ታች እየጎተቱ ድንጋዩን ማውጣት ይችላሉ። ተዳፋቱ በእጥፍ ሲጨምር መወጣጫው በግማሽ ያጥራል፤ ከላይ ያለው የይዘት ችግርም አብሮ ይቀላል። ግን ሃትኑብ ካባ ነው፤ ፒራሚድ ላይ በዚህ መንገድ መሠራቱን የሚያሳይ ምልክት ገና የለም።

ሦስተኛ፦ የውስጥ መወጣጫ

ፈረንሳዊው አርክቴክት ዣን-ፒየር ኡዳን ያመጣው ነው። የታችኛው ክፍል በውጭ መወጣጫ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ያለው ከግድግዳው ውስጥ እየዞረ በሚወጣ መንገድ። ቁንጅናው ያስደስታል፤ በኮምፒውተር ምስል ተሠርቶ ሲቀርብማ አለመማረክ ይከብዳል። እኔም ሁለት ዓመት ያህል ይህንኑ አስተምሬያለሁ።

የሚጠቀሱለት ሁለት ነገሮች አሉ፦ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተደረገ የስበት ልኬት ያሳየው ቀለል ያለ ጥግግት ያለበት ቅርጽ፣ እና 80 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሰሜን ምሥራቅ ጠርዝ ያለ ጎድጓዳ ቦታ። በኋላ ፒራሚዱን በጠፈር ጨረር ቅንጣቶች የፈተሸው ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2017 ቢያንስ 30 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍተት፣ በ2023 ደግሞ በሰሜን ፊት 9 ሜትር ርዝመት ያለው መተላለፊያ አሳወቀ። ሁለቱም የኡዳን ጠመዝማዛ መንገድ አይደሉም። ሜይዱም ላይ ውጫዊ ልባሱ ተንዶ ሆዱ የተገለጠው ፒራሚድም ውስጡ እንዲህ ያለ መንገድ አላሳየም። እዚህ ነው እኔም የተውኩት።

አራተኛ፦ ማንሻ

ሄሮዶቱስ የሚናገረው ይህንን ነው፦ ከአጭር እንጨት በተሠራ መሣሪያ ከእርከን ወደ እርከን ማንሳት። በዲጂኖ ትልቅ ድንጋይ ያነሳ ሰው ሐሳቡን ያውቀዋል፤ አንዱን ጎን ከፍ አድርጎ ከሥሩ እንጨት መሸጎጥ፣ ከዚያ ሌላውን። ማንሻ በእርግጥም ይጠቀሙ ነበር፤ በመንካውሬ ፒራሚድ ግርጌ ሳይላጉ በቀሩት የግራናይት ልባሶች ላይ ለማንሻ የተተዉ ጉብታዎች በዓይን ይታያሉ። ግን ሚሊዮን ድንጋይ በሁለት መቶ እርከን ላይ እንዲህ ማውጣት ቀርፋፋ ነው፤ ጥሩ እንጨት ደግሞ ከሊባኖስ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነበር። ድንጋይን ቦታው ለማስገባትና መወጣጫ ቦታ ለሚያጣበት ጫፍ፣ አዎ። ለሁሉም፣ አይሆንም።

አምስተኛ፦ ተቦክቶ የፈሰሰ ድንጋይ

ፈረንሳዊው ኬሚስት ዦዜፍ ዳቪዶቪትስ ድንጋዮቹ ከተፈጨ የኖራ ድንጋይ ተቦክተው በእንጨት ሳጥን ውስጥ የፈሰሱ ናቸው ይላል። ከሌሎቹ የሚለየው ኬሚስትሪው በራሱ የሚሠራ መሆኑ ነው፤ አንዳንድ የቁሳቁስ ተመራማሪዎችም ደግፈውታል። ከተቀበላችሁት መስቀሉ ይቀላል፤ ባልዲ መሸከም ነው።

ግን ምድሩ አይመሰክርለትም። ካባዎቹ በጊዛ ዙሪያ አሉ፤ ጊዛ ላይ ካለው ሁለተኛው፣ ከካፍሬ ፒራሚድ ጀርባ በሰሜን ምዕራብ በኩል ድንጋይ እንደ ዳቦ ተሸንሽኖ የተነሳበት መሬት መረብ መስሎ ይታያል። በድንጋዮቹ ውስጥ ሳይፈጩ የቀሩ የባሕር ፍጥረታት ቅሪቶች አሉ። የውስጥ ድንጋዮቹ መጠናቸው አይገናኝም፤ በሳጥን የፈሰሰ ቢሆን ለምን ይህን ያህል ይለያያል? ግራናይቱም የፈሰሰ ሊሆን አይችልም። በእርግጥ የቦካ ነገር ነበር፤ በድንጋዮቹ መካከል የገባው የጂፕስ መለሰኛ። እሱን ሲያቃጥሉ የቀረው ከሰል እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1995 ዕድሜው ተለክቶ ከታወቀው ዘመን በመቶ ዓመታት የሚቆጠር ልዩነት ብቻ አሳየ። «12,000 ዓመት ነው» ለሚል ሰው ይህን ንገሩት።

ስድስተኛ፦ የውኃ ኃይል

እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ የፈረንሳይ ቡድን ሳቃራ ያለው፣ ከኩፉ በፊት የነገሠው የጆሰር ደረጃማ ፒራሚድ በውኃ ግፊት በሚሠራ ማንሻ ተሠርቷል የሚል ጥናት አወጣ። ውኃ ከየት በቂ ሆኖ ይመጣ ነበር በሚለው ላይ የግብፅ ጥናት ባለሙያዎች ብዙ ጥያቄ አንስተዋል። ጥናቱ የሚናገረው ስለ ጆሰር ነው፤ ስለ ጊዛ አድርጎ የሚያቀርበው ቪዲዮው ነው።

ሰባተኛ፦ ከሌላ ዓለም የመጡ

አጭር ነው። ከኩፉ በፊት ንጉሥ ጆሰርና መሐንዲሱ ኢምሆቴፕ 60 ሜትር ያህል ደረጃ ሠሩ። ስነፍሩ፣ የኩፉ አባት፣ ሜይዱም ላይ የነበረውን ወደ ለስላሳ ጎን ለወጠ፤ እሱም በጊዜ ብዛት ተናደ። ዳህሹር ላይ በ54 ዲግሪ ገደማ ጀመረ፣ መሀል ላይ ወደ 43 አጎነበሰው። ቀጥሎ ከጎኑ ቀዩን ፒራሚድ ከመጀመሪያው ዝቅ ባለ ማዕዘን ሠራ፤ ተሳካለት። ከዚያ ልጁ ጊዛ መጣ። ከሰማይ የመጣ መሐንዲስ ሥራው መሀል ላይ ማዕዘን አይቀይርም። ላሊበላን የሠሩት የአውሮፓ ቴምፕላሮች ናቸው የሚለውን ወሬ የሰማ ኢትዮጵያዊ ይህን ጨዋታ ከነዜማው ያውቀዋል።

ባጭሩ ሲታይ

| መላ ምት | የሚመልሰው ሥራ | ከምድር ላይ ያለው ማስረጃ | ዋና ድካሙ | ዋጋው |
|---|---|---|---|---|
| ቀጥ ያለ መወጣጫ | መስቀል፣ እስከ ሲሶ | ጠንካራ (ሲንኪ፣ ካርናክ፣ ፓፒረስ) | እስከ ጫፍ ከሆነ ይዘቱ ፒራሚድ ያክላል | ርካሽ |
| ጠመዝማዛ ወይም ዚግዛግ | መስቀል፣ ከሲሶ በላይ | መካከለኛ (ሃትኑብ) | የማዕዘን መዞሪያና የቅየሳ ችግር | ርካሽ |
| የውስጥ መወጣጫ | መስቀል፣ ከሲሶ በላይ | ደካማ | ፍተሻው መንገዱን አላሳየም | መካከለኛ |
| ማንሻ | መግጠምና ጫፉ | ጠንካራ (የመንካውሬ ጉብታዎች) | ለብዛት ቀርፋፋ | ርካሽ |
| የፈሰሰ ድንጋይ | መፈንቀልና መስቀል | ደካማ | ካባዎቹ፣ ቅሪተ አካሉ፣ ግራናይቱ | ውድ |
| የውኃ ኃይል | መስቀል፣ ለጆሰር ብቻ | ደካማ | በቂ ውኃ ማግኘት | ውድ |
| ከሌላ ዓለም | ምንም | የለም | የስነፍሩ ስህተቶች | የማይከፈል |

ታዲያ የቱን ልያዝ?

ፈተና የሚጠብቃችሁ ተማሪዎች፦ «ድንጋዩ በመንሸራተቻና በጀልባ ተጓጓዘ፤ በመወጣጫ ተሰቀለ፤ በማንሻ ተገጠመ፤ የመወጣጫው ቅርጽ አከራካሪ ነው» ብላችሁ ጻፉ። እኔ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።

እንደኔ ምርጫ ከሆነ አንድ ብቻ አልመርጥም። ታች ቀጥ ያለ፣ መሀሉ ላይ በጎን የሚደገፍና በሃትኑብ ዓይነት ምሰሶ የሚታገዝ፣ ጫፉ ላይ ማንሻ። አሰልቺ ነው፤ ቪዲዮ አይሸጥም። ግንባታ ቦታ የዋለ ሰው ግን ሁለት ዓይነት መሣሪያ በአንድ ቀን ማየት አይደንቀውም።

መምህር ከሆናችሁና አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ካላችሁ ትሪውንና አሸዋውን ውሰዱ፤ የሜረርን መዝገብ አንብቡላቸው። ሁለት ክፍለ ጊዜ ካላችሁ የሲሶውን ሒሳብ ራሳቸው ያስሉት፤ ልጆች «አይቻልም» የሚሉትን ነገር በራሳቸው እርሳስ ሲፈቱት ፊታቸው ይለወጣል።

ወላጅ ከሆናችሁና ልጃችሁ የሌላ ዓለም ፍጡራንን ቪዲዮ ይዞ ከመጣ አትሳቁበት። የስነፍሩን ሦስት ፒራሚዶች በሥዕል አሳዩትና «የትኛው መጀመሪያ ተሠራ?» ብላችሁ ጠይቁት። ራሱ ይደርስበታል።

ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ የኡዳንን የውስጥ መወጣጫ አትተዉ፣ ተመልካች ይወደዋል፤ ግን ፍተሻው እስካሁን እንዳላገኘው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ተናገሩ እንጂ መጨረሻ ላይ አትደብቁ።

ካይሮ ላይ ግማሽ ቀን ብቻ ያላችሁ መንገደኞች ጊዛን ብቻ ያዙ። ገንዘብ ቆጥባችሁ ከሆነ የኩፉን ውስጥ መግቢያ ለብቻው ስለሚያስከፍል ተዉት፤ ጠባብና ሙቅ ነው፣ የአሠራሩን ነገርም ብዙ አያሳይም። ሙሉ ቀን ካላችሁ ታክሲ ተከራይታችሁ ሳቃራንና ዳህሹርን ጨምሩ፤ የጎበጠውንና ቀዩን ፒራሚድ በአንድ ዕይታ ታያላችሁ። ጊዛ ላይ ግን ሰው ሁሉ ግመል ላይ ፎቶ ሲነሳ እናንተ ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ትንሹ የመንካውሬ ፒራሚድ ሂዱ። በሰሜን በኩል መግቢያው አጠገብ ግራናይቶቹ ሳይላጉ ቀርተዋል። ከድንጋዩ ፊት ወጣ ወጣ ያሉትን ጉብታዎች ፈልጉ፤ ማንሻው ገብቶ የነበረው እዚያ ሥር ነው።